ስለ እንጦጦ የእግር ጉዞ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጪው እሑድ ለሁለተኛ ጊዜ በእግራችን ወደ እንጦጦ እንወጣለን። ከመውጣታችን በፊት ግን ስለ መጀመሪያው ጉዞ በግልጽ እንነጋገር። ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አምሮ ተለጥፏል፤ አንድ ሰው ግን ጎድሎበታል።

ከሽሮ ሜዳ ስንነሣ 31 ነበርን። ዳገቱ እንደ ጀመረ ወጣቶቹ ቀደሙ፤ እኛ የኮሚቴ አባላትም «እንዳንዘገይ» እያልን ተከተልን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናታችን ወደ ኋላ ቀሩ። መቅረታቸውን ያወቅነው እንጦጦ ማርያም ደርሰን ዳቦ ሲቆረስ ነው! ተሯሩጠን ስንወርድ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁለት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ውኃ ያጠጧቸው ነበር። «የናንተ ናቸው?» ሲሉን መልስ አጣን።

የሚያሳፍረው ደግሞ መንገዱን ከሁላችንም ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው መሆናቸው ነው። በልጅነታቸው በዚያው ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቅመው፣ ተሸክመው ወርደዋል። እኛማ ምን አየን? የፊተኛውን ሰው ጀርባ!

ዛፉም ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን የጋራው ብርድና የማገዶ እጥረት ከተማው ወደ ፍልውኃ እንዲወርድ ከገፉት ምክንያቶች ይቆጠራሉ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ጋራውን የሸፈነው ከዚያ ወዲህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲወርድ ማርያምና ራጉኤል፣ በዙሪያቸው ካለው መንደር ጋር፣ እዚያው ቀሩ። ከአናቱ ላይ ቆም ብሎ ላየ ሌላም ነገር አለ፦ በእኛ በኩል የወደቀው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሱሉልታ በኩል የወደቀው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። እየሮጠ የሚያልፍ ሰው ይህን ከየት ያየዋል?

እናታችንን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። «እመጣለሁ፤ ግን እኔ ከፊት» አሉን። ኮሚቴውም ተስማማ። እንግዲህ እሑድ ማንም ከሳቸው አይቀድምም፤ ሲያርፉ እናርፋለን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ትንፋሽ የሚያጥረው ለሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው አንዳንድ ጎረምሳም አይተናል፣ ስም አንጠራም። እንጨት የተሸከመ ሰው ሲወርድ ከመንገዱ ወጥተን እናሳልፍ፤ ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ቀላል አይደለም። በመንደሩ ስናልፍም የሰው ግቢ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቅር።

መነሻችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ነው። ቆሎ ከማኅበሩ፣ ጋቢና ውኃ ከየቤታችሁ። እናታችን በልጅነታቸው ይጠጡበት የነበረውን ምንጭ እንፈልገዋለን ብለዋልና ባዶ ጠርሙስም ያዙ።