የማስታገሻ መድኃኒት ሕመም ሲያብስ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኦፕራሲዮን የተደረገ ጎረቤት ሲኖር ተሰባስበን መጠየቃችን ደግ ልማድ ነው። ዳሩ ግን በሽተኛው «ከትናንት ዛሬ ባሰብኝ» ሲል፣ «ቻል አድርገው እንጂ!» ብሎ ማለፍም ሆነ ከቤት የተረፈ ክኒን ማቀበል አይበጅም። ለምን ቢባል፣ ምክንያት አለው።

እንደሚታወቀው ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፈንታኒልና ትራማዶል ብርቱ ሕመም የሚያስታግሱ፣ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። ጥቅማቸው ታላቅ ስለሆነ፣ ሐኪም ሲያዛቸው በፍርሃት እምቢ ማለት አይገባም። ነገር ግን መጠናቸው ሲበዛ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ከልክ በላይ ሊነቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሕመሙ ከቁስሉ ዙሪያ አልፎ ይሰፋል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያማል፤ መድኃኒቱ ሲጨመርም ይብሳል እንጂ አይቀልም። በሽተኛው ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም ማለት ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በሆድ ኦፕራሲዮን ጊዜ ሬሚፈንታኒል የተባለው መድኃኒት በብዛት የተሰጣቸው ሰዎች፣ ሲነቁ ሕመማቸው በረታ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያስፈለጋቸውም ሞርፊን በጥቂቱ ከተሰጣቸው ሰዎች ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአገራችንም የታወቀው ማደንዘዣ ኬታሚን፣ በትንሽ መጠን ሲታከል ይህን ጣጣ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ስለዚህ መከላከያው በአንድ መድኃኒት ላይ ብቻ አለመደገፍ ነው። ሐኪሙ ፓራሲታሞል፣ ለሚስማማውም ሰው ዲክሎፌናክን የመሰለ መድኃኒት፣ እንዲሁም ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ አጣምሮ የሞርፊኑን መጠን ሊያሳንስ ይችላል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ስንወስድ የቆየነውን ማስታገሻ ሁሉ፣ ትራማዶልም ቢሆን፣ ሳንደብቅ ለማደንዘዣ ባለሙያው እንንገር። ሕመሙን በምን በምን ሊያስታግስልን እንዳሰበም እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ የታዘዘውን በራሳችን አንጨምር፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደውንም ባንድ ጊዜ አናቋርጥ።

ሦስተኛ፣ ሕመም እየባሰ ከሄደ በዚያው ዕለት ለሐኪም ይነገር። ቁስሉ አመርቅዞ ወይም በውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላልና፣ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው።

የታመመ ሰው መጠየቅ መልካም ነው፤ «አመመኝ» ሲል ማመን ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።