ዋሻዎቻችንን እንወቅ፣ እንጠብቅም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰማነው ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ዋሻዎች ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል። ምናልባት «ዋሻ የጅብ ማደሪያ አይደለምን? ምን ያስተምራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ዋሻን መርምሮ መለካት ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ነው። ኤድዋር ማርቴል የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1888 በአገሩ የመሬት ውስጥ ወንዝ ተከትሎ ካለፈ በኋላ ብዙዎች ፈለጉን ተከተሉ። በእኛም አገር የዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈውን የባሌውን የሶፍ ዑመር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ለክተው፣ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ገለጡ። ዳሩ ግን የአገሩ ሰው ዋሻውን ያወቀው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው፤ ዋሻው በስማቸው የሚጠራው ሼክ ሶፍ ዑመርም በዚያ ተጠልለው እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሞ ደጋ ብንሻገርም ይህንኑ እናገኛለን። የሞታን ዋሻ ለተመራማሪዎች ያሳዩ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አፅም ተገኘ። ስሙም «ባይራ» ተባለ፤ ትርጓሜው በኩር ማለት ሲሆን፣ ወላይትኛ ለምንናገር ለእኛም ቃሉ እንግዳ አይደለም። የደጋው ቅዝቃዜ አፅሙን ጠብቆት ስለ ቆየ ዘረ መሉ ሊነበብ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተምም ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዳሞታ ተራራ ጎን የሞቼና ቦራጎ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንሳይ፣ ቀጥሎም የአሜሪካና የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ቆፍረውበት፣ 50,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው አፈር ውስጥ ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች አገኙ። ዕድሜው የታወቀው ከአፈሩ ጋር ተነባብሮ ከቆየው ከሰል ነው።

ስለዚህ ነው አደራ የምንለው። ሀብት አገኛለሁ ብሎ በዋሻ ውስጥ የሚቆፍር፣ ወይም እሳት የሚያነድ ሰው፣ የዛሬውን ከሰል ከጥንቱ ይደባልቃል፤ የተደባለቀውን ደግሞ ማንም ሊቅ መልሶ ሊለየው አይችልም። ስሙን በግድግዳው የሚጽፍም እንዲሁ ያበላሻል።

እኛ ተማሪዎች ግን በየመንደራችን ያሉትን ዋሻዎች ስምና ታሪክ ከአያቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ። ብቻችንንና ያለ መብራት አንግባ። እናንተም ወላጆቻችን የምታውቁትን አትንፈጉን። ሽማግሌ መንገድ ያሳያል፣ ሊቅ ይመረምራል፤ ነገ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ሁለቱንም ይሁን።