የፍም ጥብስና ጤናችን



የጾሙ ወራት አልፎ ፍስክ ሲገባ፥ የመሥሪያ ቤት ሰው ቅዳሜ ከባልንጀሮቹ ጋራ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፥ በጎጃም መንገድም ወደ ሱሉልታ መውጣት ይወዳል። በእነዚህ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ በተጠቃለሉት ቦታዎች ሥጋው በዓይን ተመርጦ ይቆረጣል፤ ከፊሉ በጥሬው፥ ከፊሉም በከሰል ፍም ተጠብሶ ይቀርባል።

የበሬ ሥጋ ጥቅሙ የታወቀ ነው። ጮማው የተለየለት 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ለደም የሚያስፈልገው ብረትም ከእህሉ ይልቅ ከሥጋው ለሰውነት ይቀላል።

እሳት ግን በጎም ክፉም ጠባይ አለው። በጎነቱ፥ እስከ ውስጥ ሲዘልቅ የኮሶ ትልን ዕጭ መግደሉ ነው፤ የቄራ ምርመራ ዕጩን ሁሉ ሊያገኘው አይችልምና። ክፉነቱም፥ ጮማው ቀልጦ በፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጭስ ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮችን ተሸክሞ በሥጋው ላይ ማረፉ ነው። ያረረውም ገጽ እንዲሁ ጎጂ ነገር ያፈራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በጥቅምት 2008 ዓ.ም. በጨው ወይም በጭስ ተሰናድቶ የሚቆይ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ፥ ቀይ ሥጋም ሳያመጣ እንደማይቀር አስታውቋል።

ታዲያ ሥጋ እንተው ማለት ነውን? አይደለም፤ ልክ እናብጅለት ማለት ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው፥ በሳምንት ከ500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ እንዳያልፍ ነው፤ ይህም በጥሬው ከ700 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ ኪሎውን ብቻውን የጨረሰ ሰው የሳምንቱን ድርሻ አልፏል።

ጥብስ ስታዝዙ ነበልባሉ እስኪበርድ ይጠበቅ፤ ጮማው ይቀነስ፤ ሥጋው ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፤ ያረረው ተቆርጦ ይጣል። ጥሬው የተቆረጠበት ቢላዋም ሳይታጠብ የበሰለውን አይንካ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የደም ማነስ አብዝቶ የሚያጠቃው እናቶችንና ሕፃናትን ነው፤ ከከተማ ወጥቶ ሥጋ የሚበላው ግን ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። ባለቤቱና ልጆቹ በሽሮ ሲውሉ እርሱ ከልኩ በላይ ቢበላ፥ ትርፉ እርሱን ይጎዳል፤ ጉድለቱም እነርሱን። ስለዚህ ከኪሎው ግማሹ ወደ ቤት ይግባ፤ ለሁሉም ጤና ይሆናል።