ጥበብ፣ ክርና የተጎዳ ልብ



የንግግሬ መነሻ «ጥበብ» የሚለው ቃል ነው። በቋንቋችን ጥበብ ማለት ዕውቀት ነው፤ ኪነትም ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ጌጥም ነው። ቃሉ ሦስቱን በአንድ ቤት ቢያኖራቸውም እኛ ለያየናቸው። ሊቁን ጠቢብ ብለን ስናከብር ሸማኔውን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። በዚህ ንቀት የተነሣ ካጣናቸው ነገሮች አንዱ ፈታዮችና ሸማኔዎች ስለ ሰው ልብ የሚያውቁት ዕውቀት ነው።

በመርፌና በክር የሚሠራ አንድ የዘመናችን ሠዓሊ ላንሣ። ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። በሸራ ላይ ክርን በእጅ እየሰፋ ትልልቅ ሥዕሎችን ሠራ፤ አዝራርና የጠርሙስ ክዳን ጨመረበት። በኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኙ የአሮጌ ኮምፒውተር ሽቦዎችን እየጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ያያይዝ ጀመር። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው፣ በጭቃና በጭድ የታነጸው የዞማ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ በሩን ከፈተ። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ታይተዋል።

ከሥራዎቹ እኔ የማነበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሌላው ሰው የጣለው ነገር ለእርሱ መነሻ ነው። ሁለተኛ፣ ስፌቱ አይደበቅም፤ ቀርቦ የሚያይ ሰው እያንዳንዱን ጥልፍና የፈጀውን ትዕግሥት ያያል። የተጎዳ ሰውም የሚያገግመው እንዲህ ይመስለኛል፤ ጠባሳው ሳይጠፋ፣ የተበጠሰው ቀስ በቀስ እየተያያዘ።

ይህ የሠዓሊ ምኞት ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ቅኝት ከ3000 በላይ ጥናቶችን አካቶ፣ ኪነ ጥበብ ጤናን በመጠበቅና ሕሙማንን በመደገፍ ረገድ ድርሻ እንዳለው አመልክቷል። ሆኖም ክር መድኃኒትን አይተካም። ሐኪም የሚያስፈልገውን ሰው እንዝርት ሰጥቶ መሸኘት በደል ነው።

እኔ ይህን ከመጻሕፍት በፊት ያየሁት በእናቴ ነው። አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እህል አልቀምስም፣ ከሰውም አልነጋገርም ብላ ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤታችን አመልማሎ የሞላበት ሙዳይና እንዝርት ይዘው መጡ። የማጽናኛ ቃል አልተናገሩም፤ ከአጠገቧ ተቀምጠው የራሳቸውን ይፈትሉ ጀመር። በሦስተኛው ቀን እናቴ እጇን ወደ ሙዳዩ ሰደደች። ክሩ ሲበጠስባት ቀጠለችው፤ እንደገና ሲበጠስ እንደገና ቀጠለችው። ከበዓል ቀን በቀር ሁለቱ ሴቶች ክረምቱን አብረው ፈተሉ። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ሄደ፤ ጋቢም ሆኖ ተመለሰ። እናቴ አባቴን ማልቀስ አልተወችም፤ ነገር ግን እየፈተለች ማውራት፣ እያወራች መብላት ጀመረች።

ዛሬ ሳስበው የጎረቤታችን ዘዴ ሦስት ነገሮችን ያጣመረ ነበር። እጅ የሚደጋግመው ሥራ የሚባዝነውን አሳብ ይሰበስባል። አብሮ መቀመጥ ሐዘንተኛው እንዲናገር ሳያስገድደው ብቸኝነቱን ያቀልለታል። በመጨረሻም ለሌላ ሰው የሚተርፍ ልብስ ይገኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለጉልበት ብቻ አይመስለኝም፤ ለሐዘንም ይሠራል።

ይህን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የዘለቀው ግጭት በብዙ ቤት ሐዘን አስገብቷል። በዚህ አዳራሽም ሐዘኑን ያልተናገረ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በሌላ በኩል በየመንደራችን ፈትል የሚያውቁ እናቶች እያረፉ ነው፤ ልጆቻቸው የፋብሪካ ክር ይገዛሉ። ሐዘኑ እየበዛ፣ ሐዘንን የሚያስታግሰው አንዱ ዕውቀት እየሳሳ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ፈታዮችንና ሸማኔዎችን ተገቢውን ክፍያ እየከፈልን በመምህርነት እንጋብዛቸው። የጤና ሳይንስ መምህራንም ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው የሚረዳውንና የማይረዳውን በጥናት ይለዩ። ተማሪዎች ሆይ፣ ለበዓል ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ እንዝርቱንም ተቀበሏቸው። ክሩ መበጠሱ አይቀርም፤ እንዴት እንደሚቀጠል ጠይቋቸው።