ልጁ አፉን ሲዘጋ

አንደኛ አቅራቢ፦ ልጅ አልበላም ሲል አባብሎም አስገድዶም ማጉረስ ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ትንንሽ ልጆች የዱባና የበቆሎ ሾርባ ቀርቦላቸው ነበር። «ሾርባችሁን ጨርሱ» እየተባሉ ሲጎተጎቱ፣ ካልተጎተጎቱበት ጊዜ ያነሰ በሉ፤ በምግቡም ይበልጥ አማረሩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይሁን፤ ግን ዝም ብለን ስንተወው ቢከሳስ? የወላጆች ስጋት ከንቱ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግቡ ሽታና ልስላሴ ወይም ትን ይለኛል በሚል ፍርሃት ሰውነትን እስኪጎዳ ከምግብ መሸሽን ራሱን እንደቻለ ሕመም አስፍሮታል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ለዚህ ነው ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚሰጠው የአመጋገብ ቴራፒ ዝም ብሎ መተው ያልሆነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ የምታጣራው ማኘኩን፣ መዋጡን፣ የሆድ ድርቀቱን ነው፤ የሚያመውን ልጅ «አመለኛ» ማለት በደል ነውና። ከዚያ የተቀቀለ ካሮት ከለመደው እንጀራ ጎን ይቀመጣል። አንድ ቀን በጣቱ ይጫነዋል፣ ሌላ ቀን ያሸተዋል፣ ከንፈሩን ያስነካዋል፤ ቢተፋውም ቁጣ የለም። አንድን ምግብ ለመልመድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረቡ የተለመደ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ታዲያ ጉርሻችን ይቅር?

አንደኛ አቅራቢ፦ በፍጹም! አፉን ራሱ ሲከፍት ይጉረስ። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፤ መጠኑን ለልጁ እንተውለት። ክብደቱ የሚቀንስ ወይም ሲውጥ ትን የሚለው ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።