ስለ ቀጋ ፍሬ ጥቅም



በላሊበላ ዙሪያ በላስታ ደጋ የሚበቅለው ቀጋ ለአጥርና ለማገዶ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በቀይ ፍሬው ውስጥ ቪታሚን ሲ ይገኛል፤ ይኸውም ድድን ከመድማት ይጠብቃል፥ ቍስልን ያሽራል፥ በጤፍና በምስር ያለውንም የብረት ማዕድን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። በእንጀራና በሽሮ ግን ይህ ቪታሚን እጅግ ጥቂት ነው።

እንግሊዞች በጦርነት ምክንያት ብርቱካን ቢያጥራቸው፥ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀጋ ወገን የሆነውን የጽጌ ረዳ ፍሬ በተማሪዎች አስለቅመው ለሕፃናት ሽሮፕ አደረጉት።

ፍሬው የሚበላው በስሎ ሲቀላ ነው፤ ዘሩና በውስጡ ያለው ጠጕር ጕሮሮን ስለሚቧጥጥ አስቀድሞ ይወጣል። አብዝተው ከቀቀሉትም ቪታሚኑ ይጠፋል።

ቀጋን ከሥሩ የሚቈርጥ ሰው የእረኛውን ልጅ መክሰስ ይቈርጣል። ስለዚህ መምህሩ ጥቅሙን ያስተምር፥ ሽማግሌውም እንዳይጨፈጨፍ ይምከር።