«ኧረ መላ መላ»፦ ስለ አንድ ዘፈን አሠራርና ዝና

(በአቃቂ ቃሊቲ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ይህን ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ርእሱን ለእኔ ምርጫ ትቶልኝ ነበር። ስለ አንድ ዘፈን ለመናገር ማሰቤን ስገልጽ ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ «መሐንዲስንና ዘፈንን ምን አገናኛቸው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘፈን የሚወለደው ከሰው ልብ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ከሌለው አድማጭ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ሽቦ፣ ማግኔት፣ ሞተርና ፕላስቲክ ነው። ይህ መንገድ የእኛ የሙያ ክልል ነው። ስለ ዘፈኖቻችን ብዙ ሲጻፍ ስለ መንገዱ ግን የተባለው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ርእሱን መረጥኩት።

የመረጥኩት ዘፈን «ኧረ መላ መላ» ነው። ዘፋኙን ማሕሙድ አሕመድን ለዚህ ጉባኤ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1941 መርካቶ ውስጥ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ጫማ እየጠረጉ አድገው፣ በአሪዞና ክለብ መድረክ ላይ ዕድል አግኝተው፣ ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋር ለዓመታት የሠሩ ድምፃዊ ናቸው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ሸክላ ታትሞ ወጣ። ያጀባቸው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ በዚህ ባንድ ታሪክ ውስጥ ባስ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮና ሊድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ሁልጊዜ የሚነሡ ስሞች ናቸው። ባንዱ በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ እስከ ካሴቱ ዘመን ዘልቋል።

የዘፈኑ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በፍቅር የተጨነቀ ሰው ችግሩን ለብቻው መሸከም አቅቶት መላ ይለምናል። መለያየትና ናፍቆት በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ርእስ ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስም እስከ መሆን ደርሰዋል፤ ትዝታ ስንል ዘፈኑንም ቅኝቱንም፣ በውስጥ የሚመላለሰውንም ስሜት በአንድ ቃል መጥራታችን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በርእሱ ከሌሎች ያልተለየ አንድ የፍቅር እሮሮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይደበዝዝ እንዴት ቆየ? የማሕሙድ ድምፅ ነው የሚል መልስ ወዲያው ይሰጠኛል። እውነት ነው፤ ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚጠመዘዝ ድምፅ ባይኖር ኖሮ ስለ ዘፈኑ ዛሬ ባልተናገርን ነበር። ነገር ግን መልካም ድምፅ ኖሯቸው በመንገድ የቀሩ ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዘፈን የሚቀዳው እንደ ዛሬው እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው ገብቶ፣ የተሳሳተውን ደግሞ፣ በመጨረሻም ሁሉ በኮምፒዩተር ተገጣጥሞ አልነበረም። ባንዱ በሙሉ በአንድ አዳራሽ ቆሞ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፤ ዘፋኙም አብሮ ይዘፍናል፤ በጥቂት ማይክሮፎኖች የተሰበሰበው ድምፅ ጥቂት መሥመር ባለው ቴፕ ላይ ይሰፍራል። ድራሙ በዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል፤ ሳክስፎኑም በጊታሩ። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የሚለየው መሣሪያ አልነበረም። አንድ ሰው ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማሉ፤ አለዚያም ስሕተቱ ከዘፈኑ ጋር ለዘላለም ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ደረስኩ። ሁለት ድምፆች በአንድ ማይክሮፎን ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍነው ለማድረግ ያለን መንገድ ጥቂት ነው። ወይ በቦታ እናራርቃቸዋለን፤ ወይ በድግግሞሽ መጠን እንለያያቸዋለን፤ ወይም በጊዜ ተራ እናሲዛቸዋለን። ጠባቡ አዳራሽ የመጀመሪያውን መንገድ ዘግቶታል። እነዚያ ሙዚቀኞች የመረጡት የቀሩትን ሁለቱን ነው። «ኧረ መላ መላ»ን በጥሞና አድምጡት። ማሕሙድ ሲዘፍኑ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ለቃሉ ቦታ ይሰጣሉ፤ ማሕሙድ ትንፋሽ ሲወስዱ ሳክስፎኑ መልስ ይሰጣል። ባሱ ከታች ሆኖ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይዞራል፤ ወደ ዘፋኙ ሰፈር አይወጣም። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተሠራ ስለሆነም መሣሪያዎቹ ሲገናኙ የሚፈጠረው መጨናነቅ ያነሰ ነው። ተቀባይና አውጪ ተራ የሚጠባበቁበት ይህ ሥርዓት በሠርግ ቤት ጭፈራ፣ በዕድር ድንኳን ለቅሶ፣ በደቦ እርሻ የምናውቀው ነው። አይቤክሶች ያንን ሥርዓት ወደ ኤሌክትሪክ ጊታርና ወደ ኦርጋን ሲያመጡት ከውበቱ ሌላ የቴክኒክ ችግርም ፈታላቸው። አስበውበት ነው ወይስ ልማዱ መርቷቸው? በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ጥሩ ልማድ ማለት ቀድሞ የታሰበበት ሥራ ነውና።

ከቀረጻው ቀጥሎ የኅትመቱ ነገር ይመጣል፤ ይህ ክፍል እኛን የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ይበልጥ ይነካናል። እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አቶ አምኃ እሸቴ፣ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሳለ፣ ይህን አጥር ጥሰው አምኃ ሪከርድስን ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸውም የአለማየሁ እሸቴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄዱ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳትመዋል። ዐሊ ታንጎ እየተባሉ በሙዚቃ ቤታቸው ስም የሚጠሩት አቶ ዐሊ አብደላ ካይፋም በዚሁ በተከፈተው በር ገብተው የማሕሙድን ሥራ ለሕዝብ አደረሱ። ነገር ግን አቶ አምኃ ቴፑን ይዘው ወዴት ሄዱ? መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ።

ሸክላ ማተም ምን እንደሚጠይቅ ላስታውሳችሁ። ከቴፑ ላይ ያለው ድምፅ በላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሐን ላይ በመርፌ ይቀረጻል። ሰሐኑ ብር ይቀባና በኤሌክትሮሊሲስ ኒኬል እንዲለብስ ይደረጋል፤ ኒኬሉ ተላጥቶ ሲወጣ የማተሚያ ቅርጽ ይሆናል። ከዚያ በእንፋሎት የሚሞቅ መጭመቂያ ፕላስቲኩን በሁለቱ ቅርጾች መካከል ይጨምቀዋል፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ጠርዙ ይቆረጣል። ቦይለር፣ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ፣ የብረት ልባጥ ገንዳ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከነዚህ መሣሪያዎች ጋር ያልሠራ ምን ያህላችን ነን? አቃቂ ጨርቅ ሲሸምን የኖረ፣ የባቡር ሐዲድ በደጁ ያለፈ ሰፈር ነው። ድምፁ ግን የእኛ ሆኖ ሳለ ሸክላው በባዕድ መጭመቂያ ታትሞ፣ እንደ ማንኛውም የውጭ ዕቃ ተጭኖ ይመጣ ነበር። መላክና ማስመጣት ጊዜ ይፈጃል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ የወደደው ዘፈን ሲያልቅ በሳምንቱ ደግሞ ማተም አይቻልም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሸክላ የሚፈለገውን ያህል ሊያዳርስ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ክፍተቱን የሞላው ካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው ይህ ትንሽ ሣጥን ቦይለርም መጭመቂያም አይሻም፤ ሁለት ቴፕ ሪኮርደርና አንድ ሽቦ ይበቃዋል። ሙዚቃ ቤቱ ራሱ ፋብሪካ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሕይወት ሲያጠብበው ዘፈኑ በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲው መኖር ቀጠለ።

ካሴት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የስቱዲዮ ቴፕ በሰከንድ 19 ወይም 38 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ የካሴት ቴፕ የሚጓዘው 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስፋቱም ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ሽሽ የሚለው የጀርባ ድምፅ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም በእኛ ቋንቋ 3 ዴሲቤል ነው። በሰንሰለት ዘጠኝ ጊዜ ከተቀዳ ዐሥር እጥፍ፣ ማለትም 10 ዴሲቤል ይደርሳል። ከላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች በየቅጂው ይሳሳሉ፤ ከታች ያሉትን ደግሞ የትንሹ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ማውጣት አይችልም። የባስ ጊታር የመጨረሻው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ያ ትንሽ ማጉያ ይህን ድምፅ ፈጽሞ አያወጣውም። ሆኖም አድማጩ ባሱን ይሰማዋል፤ ጆሮ ከላይ ከቀሩት ተከታይ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋልና። ባሱ አንዲት ሐረግ የሚደጋግም ሲሆን መሙላቱ ይቀላል። ተራ ጠብቆ የተሠራው ቅንብር፣ ከመካከለኛው ክልል ያልወጣው ድምፅ፣ የማይለዋወጠው ባስ፤ እነዚህ ሁሉ ዘፈኑን ለመጥፎ መንገድ የተዘጋጀ መንገደኛ አድርገውታል። ብዙ ዘፈኖች በዐሥረኛው ቅጂ ገንፎ ይሆናሉ፤ «ኧረ መላ መላ» ግን በዐሥረኛውም ቅጂ ራሱ ነው።

እኔም ዘፈኑን ያወቅሁት በእንዲህ ያለ ቅጂ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን አሉ፤ ዘፈኑን ሲያንጎራጉሩ ሁልጊዜ ከሸክላው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ምክንያቱን ሳጣራ የቤታቸው ቴፕ ቀበቶ ላልቶ ኖሮ ፍጥነቱ በመቶ 6 ያህል ቀንሷል፤ ይህ ደግሞ ልክ ግማሽ ድምፅ ነው። ቀበቶውን ቀየርኩላቸው። ዘፈኑን ቢያዳምጡት፣ «ማሕሙድ አሁን ቸኮሉብኝ» አሉኝ።

የዝናውን ሁለተኛ ምዕራፍ በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ ሰምተው ምንጩን ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂክ አሳታሚ ዘፈኑን በዚሁ ስሙ ለአውሮፓ አቀረበው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮጲክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትም ሲጀመር ሰባተኛው ቁጥር ይኸው የ1975 ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቢ.ቢ.ሲ. ለማሕሙድ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ሰጣቸው። ይህ ሁሉ ያኮራል። ነገር ግን ሙገሳው የተነገረበትን ቋንቋ ላስተዋለ፣ የውጭ ጸሐፊዎች የቀረጻውን ሻካራነት እንደ ልዩ ጣዕም፣ እንደ ቅመም ሲያነሡት ያገኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሻካራነቱ የድህነት ምልክት ነው፤ የሚደነቀው ሙዚቀኞቹ በዚያ ድህነት ላይ ያገኙት ድል ነው። ሁለቱን ማምታታት ሙያተኞቹን መበደል ነው።

ያ ድል ለባለቤቶቹ ምን አስገኘ ብንል ደግሞ፣ ዘፈኑን ያዳረሰው የካሴት ቅጂ ለዘፋኙም ለባንዱም ለአሳታሚውም ሳንቲም አይከፍልም ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ዘፈኑ በዚያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። አቶ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል። ማሕሙድም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርታቸውን አቅርበው መድረኩን ተሰናብተዋል። ያን ዘመን በእጃቸው የሠሩት ሰዎች እያለፉ ናቸው፤ የሠሩበት ቴፕም ዕድሜው እያለቀ ነው። የታወቁት ዘፈኖች በውጭ አሳታሚዎች እጅ ተርፈዋል። ያልታወቁት፣ በአንድ ምሽት በሆቴል አዳራሽ ተቀድተው ያልታተሙት፣ የፋብሪካ ኪነት ቡድኖች የተጫወቷቸው፣ በየቤቱ በየአልጋው ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ያሉት ግን ጠባቂ የላቸውም። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ማመንጫ ለዐሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋቱን ማመንጨት ጀምሯል። ተርባይን ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማግኔት የተቀባ ቴፕ አይጠብቅም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በማኅበራችን ሥር ከኤሌክትሪክና ከሜካኒክ ባልደረቦቻችን ሦስት አራት ሰዎች ተመድበው፣ ከአባላት የሚሰበሰቡ አሮጌ ቴፕ ሪኮርደሮችን እየጠገኑ፣ በአካባቢያችን ያሉ ቴፖችን ወደ ዲጂታል ይገልብጡ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የጎማ ቀበቶና የመጫኛ ሮለር በራሳችን ወርክሾፖች ሊሠራ ይችላል፤ የማንበቢያውን ራስ አንግል በቀላል ኦሲሎስኮፕ ማስተካከል ይቻላል። ቅጂው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ያለ ፈቃዱም ለማንም አይሰጥ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ቴፕ ካለ እስከዚያው ድረስ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አውጡት፤ ከድምፅ ማጉያና ከትራንስፎርመር አርቁት፤ ሳይታይም አታጫውቱት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ይለጠፋል፤ እነዚህን በ50 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት በዝግታ አድርቆ አንድ ጊዜ መገልበጥ ይቻላል። የሆምጣጤ ሽታ የሚሸት ቴፕ ካገኛችሁ ግን መሠረቱ አሴቴት ነውና ወደ ሙቀት እንዳታቀርቡት፤ ለብቻው አስቀምጡና ንገሩን፤ ተራው መቅደም ያለበት የእርሱ ነው።